ሀገረ ሕይወት፣ ቅማልና ጉበት

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ክረምት ጉደር ላይ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የሰማሁት ጨዋታ ነው። ከቨርጂኒያ ዘመድ ለመጠየቅ የመጣች ሴት፣ መዥገር ነክሷት የያዛትን በሽታ አጠገቧ ላሉ ሽማግሌ ታስረዳለች። ላይም ይባላል። የታዘዘላትን መድኃኒት ጨርሳለች፤ ድካሙና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልለቀቃትም። አሁን ደግሞ ሆዷ ይነፋል፣ ምግብ አይስማማትም። በቴሌግራም ያገኘችው አንድ "አማካሪ" ጉበትሽ በመርዝ ተሞልቷል፣ መታጠብ አለበት ብሏታል።

ሽማግሌው አዳምጠዋት ሲያበቁ፣ "ልጄ፣ ለሆድሽ አምቦ ውኃ አለልሽ። ለጉበትሽ ደግሞ ዱሙጋ ጨምቀው ይስጡሽ፤ የእኛ ሰው የወፍ በሽታ ሲይዘው እሱን ነው የሚጠጣው" አሏት።

"እሺ አባባ" አለች። ምን ትበል።

ዱሙጋ በአማርኛ ሰንሰል ወይም ስሚዛ የምንለው የአጥር ተክል ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ታሪክ ማንበብ ነው የምወደው። ሆኖም የሴትዮዋ በሽታ ለኢትዮጵያ ያን ያህል ባዕድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የአጎቱ ልጅ እዚሁ ነው ያለው።

ላይምን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቦሬሊያ ከሚባለው ወገን ነው፤ እንደ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ ተሕዋስ። ከዚያው ወገን የሆነ ሌላ ቦሬሊያ ደግሞ በሰው ልብስ ስፌት ውስጥ በሚኖረው ቅማል አማካይነት የሚያገረሽ ትኩሳትን ያመጣል። ስሙ ጠባዩን ይናገራል። ትኩሳቱ አምስት ስድስት ቀን ያነድና ይለቃል፤ በሽተኛው ዳንኩ ብሎ ወደ ሥራው ሲመለስ ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። ተሕዋሱ የላይ ልብሱን እየቀያየረ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያታልል ነው። ቅማሉ ነክሶ ብቻ አያስተላልፍም፤ ሰው ሲያክ ይጨፈልቀውና በተቧጨረው ቆዳ በኩል ይገባል። ደገኛው ኢትዮጵያዊ በክረምት ብርድ ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ፣ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ሲተኛ በሽታው ይበረታል። መነሻው ድህነት ነው፤ መዥገርም ሆነ ጫካ የለበትም።

ጉበት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ትኩሳት ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ነስር ይወርዳል። ሕዝባችን የዓይን ቢጫ መሆንን ሁሉ የወፍ በሽታ ብሎ በአንድ ስም ጠርቶ ከሌሊት ወፍ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ በስሚዛ ዳነ ከተባለው ሰው አንዱ በሄፓታይተስ፣ ሌላው በወባ፣ ሌላው በዚህ ትኩሳት የታመመ ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱም በራሱ ጊዜ የሚለቅ ነውና፣ በአምስተኛው ቀን የጠጣ ሰው በስድስተኛው ቀን ተክሉን ቢያመሰግን አይፈረድበትም። ያልታከመ በሽተኛ ግን ከ100 ሰው ከ10 እስከ 40 ድረስ ይሞታል፤ የታከመ ከ5 በታች ነው።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን። አስፈሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መድኃኒቱ በተወሰደ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ አንዳንዱም በዚያው ይሞታል። ይህ ያሪሽና ሄርክስሃይመር በተባሉ ሁለት ሐኪሞች ስም የሚጠራ ምላሽ ነው። ዓለም ስለ እሱ ካወቀው ብዙው የተገኘው ከአዲስ አበባ አልጋዎች ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ብራይሰን፣ ፓሪ፣ ፔሪን፣ ዋረልና ባልደረቦቻቸው 62 ኢትዮጵያውያን በሽተኞችን መርምረው ያሳተሙት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ የሰውነት የራሱ የማስጠንቀቂያ ኬሚካል የሆነውን ቲኤንኤፍ አስቀድሞ በማገድ ምላሹን መቀነስ እንደሚቻል እዚሁ አሳዩ።

ይህን ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። በላይም በሽተኞች መካከል "ሄርክስ" የሚል ቃል እንደ ጨው ተበትኗል። መድኃኒት ወይም ቅጠል ወስደው ለወራት ሲደክማቸው "ባክቴሪያው እየሞተ መርዙን ሲለቅ ነው፤ ጉበትህን አጽዳ" ይባላሉ። በአዲስ አበባ የተለካው እውነተኛው ምላሽ ግን በሰዓታት መጥቶ በአንድ ቀን ገደማ የሚያልፍ ነው። በላይምም ሲታይ የሕክምናው መጀመሪያ ቀን ላይ ነው። ሦስት ወር የሚቆይ ድካም ሌላ ምክንያት ይፈለግለት።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ይኸው ትኩሳት በወታደሮች መካከል ወረርሽኝ ሆነ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ በሜዲትራንያን ተሻግረው የገቡ ስደተኞች ላይ ሲገኝ፣ የአውሮፓ ሐኪሞች የረሱትን በሽታ በማይክሮስኮፕ እንደገና አዩት።

የላይም ታሪክ አጭር ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮኔቲከት ላይም በተባለች ከተማ የልጆች መገጣጠሚያ ማበጥ አጠያየቀ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቪሊ ቡርግዶርፈር ተሕዋሱን በመዥገር ሆድ ውስጥ አገኘው። ከሕክምና በኋላ የሚቀረውን ሕመም ምን ብለው እንደሚጠሩት ሐኪሞች አይስማሙም። ሕመሙ ግን የምር ነው። የበረታው ክርክር አንቲባዮቲክን ለወራት ማራዘም ይረዳል ወይ የሚለው ነበር፤ በ2001 በአሜሪካ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ የታተሙት ጥናቶች ጥቅም አላገኙበትም። ጉዳቱ ግን ታይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒው ጀርሲ፣ ላይም አለባችሁ ተብለው ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ሲወስዱ ከቆዩት መካከል የሐሞት ጠጠር ይዟቸው ሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣ ነበሩ። በሚያገረሽ ትኩሳት ጉበትን የሚያጠቃው በሽታው ነው፤ በቆየ ላይም ግን ሆድና ጉበት ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከሕክምናው ነው።

እኛስ? እኛም በማጽዳት የቆየን ሕዝብ ነን። ጥሬ ሥጋ ስለምንወድ ለኮሶ ትል ኮሶ እንጠጣ ነበር፤ ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛፉን ገልጾ ጽፎለታል፤ በ19ኛው ደግሞ ኮሶ የአውሮፓ ፋርማሲዎች ውስጥ ገባ። ትሉን በእርግጥ ያወጣል። መጠኑ ሲበዛ ግን ሰው ይጥላል፣ ዓይንም ያጠፋል። አያቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም ነበር። የዛሬው የጉበት ማጠቢያ ሻጭ ያቺን ጥንቃቄ እንኳ አልወረሰም። ትሉ የለም፣ መጠኑ አይታወቅም፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ የሻጩ ስልክ ብቻ ነው።

አምቦ ውኃንስ? ከጉደር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አምቦ በጃንሆይ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ተሰይማ ነበር፤ ለፍልውኃዋ የተሰጠ ክብር ይመስለኛል። ሰንቀሌ ላይ የሚፈልቀው ውኃ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ ይታሸጋል። (ጉደር በበኩሏ ስሟን ለወይን ጠጅ አዋሰች፤ ጉበት በዚህ በኩል ምን እንደሚል አልጠይቅም።) ውኃው ባይካርቦኔት ስላለው ቃርን ያለዝባል፤ ሽማግሌው አልተሳሳቱም። ጋዙ ግን የተነፋ ሆድን ይበልጥ ይነፋል። ካልሲየምና ማግኒዥየምም አለበት፤ እነዚህ ማዕድናት ላይም ከሚታከምበት ከዶክሲሳይክሊን ጋር ተጣብቀው መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ኪኒኑ በብዙ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ይዋጣል፤ አምቦው ከሰዓታት በኋላ ይደርሳል።

ሴትዮዋ ለመሄድ ስትነሣ ድፍረት አግኝቼ አንድ ነገር ጠየቅኋት። ጉበትሽ በደም ምርመራ ታይቶ ያውቃል? ሄፓታይተስ ቢስ?

"ማንም አላዘዘልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም" አለችኝ።

ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት የሚኖር፣ ጉበትንም በእርግጥ የሚበላ ቫይረስ ነው። ሽማግሌው ሂሳቡን ከፍለው ሲጨርሱ፣ "እንግዲያው ዱሙጋው ይቆይ፤ ነገ አምቦ ሆስፒታል አብሬሽ እሄዳለሁ" አሏት።