ባዶ መሬት የለም፦ ከድንኮቹ ጋሪ እስከ በሌና አበላ

ዛሬ ወደ ታሪክ በጨዋታ በር እንግባ።

ኮምፒውተር ላይ የምታመሹት ልጆች ድዋርፍ ፎርትረስን ታውቁታላችሁ። ታርንና ዛክ አዳምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች በ2006 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቁት ጨዋታ ነው። አጀማመሩ እንዲህ ነው፤ ሰባት ድንኮች አንድ ጋሪ ይዘው ወደማያውቁት ምድር ይወጣሉ። ቦታውን የምትመርጠው አንተ ነህ። ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ዘር፣ ምግብና መጠጥ ትጭንላቸዋለህ። ይቆፍራሉ፣ ይዘራሉ፣ ቤት ይሠራሉ። መንደሩ ደህና ሲሆን ወሬው ይሰማና ሌሎችም ተከታትለው ይመጣሉ። ያኔ ምግቡ ካልበቃ ረሃቡም ጠቡም ይገባና መንደሩ ይፈርሳል። ተጫዋቾቹ ግን መሸነፍም ደስ ይላል ይባባላሉ። ለምን አይሉ? ሌላ ካርታ ከፍቶ እንደገና መጀመር ነዋ!

እኛ አገር ይሄ ነገር በእውነተኛ ሰው ተሞክሯል። ስሙ ሰፈራ ነው። ሌላ ካርታ ግን የለውም።

ከራሳችን እንጀምር። ከቦምቤ ወደ ኦሞ ሸለቆ እየወረዳችሁ ስትሄዱ አገሩ ይለወጣል። ላይ ቤቱ ከቤቱ ተጠጋግቶ፣ እንሰቱ ደጅ ላይ፣ ጎደሬው ከጓሮ ነው። ወደ ታች ሙቀቱ ይጨምራል፣ እንሰቱም እየሳሳ ይሄዳል። ድሮ ደገኛው ቆላውን የሸሸው ሰንፎ አይደለም። ሰውን ወባ፣ ከብቱን ደግሞ ፄፄ ዝንብ የምታመጣው ገንዲ ይጨርሰው ስለነበር ነው። በሬ የሌለው ገበሬ እንዴት ያርሳል? ያለ ከብት ፍግስ የትኛው እንሰት ይፋፋል?

ላይኛው ወላይታ በበኩሉ ከአገሪቱ ገጠሮች ሁሉ ሰው ከሚጨናነቅባቸው አንዱ ነው። አባት መሬቱን ለልጆቹ ያካፍላል፣ ልጆቹም ለልጆቻቸው፤ በመጨረሻ የሚቀረው ጓሮ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የወላይታ አውራጃ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ወልደሰማያት ገብረወልድ መሬት ያጡ ሰዎችን ወደ ቆላ ማስፈር አስጀመሩ። በ1970 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው፣ በአጭሩ ዋዱ የምንለው የእርሻ ልማት ድርጅት ይህንኑ ሥራ ወስዶ አሰፋው። ሰፋሪዎቹ የሄዱት በምዕራብ ወደ በሌ፣ በምሥራቅ ደግሞ በአባያ ሐይቅ በኩል ወዳለው አበላ ነበር። በቆሎና ጥጥ አመረቱ። መንገድ፣ ውኃ፣ ማዳበሪያ በብድር፣ የእርሻ ባለሙያ ተከተላቸው። በጨዋታው ቋንቋ ጋሪው በደንብ ተጭኖ ነበር ማለት ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ጋሪው አይደለም። ከበሌና ከአበላ ወደ ደጋው ዘመድ መመለስ ይቻላል። የታመመ ሰው ይወጣል፤ አዝመራው ቢከዳ ላይ እንሰት ያለው ወንድም አለ። ለለቅሶ ይሄዳል፣ ለመስቀል ይሰበሰባል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ተክል ነው፤ ሰፋሪ በጋሪ ጭኖት አይሄድም። የደጋው እንሰት የቆላው ሰፋሪ ጎተራ ነበር።

አሁን ይህን ከ1984 እና 1985 እ.ኤ.አ. ሰፈራ ጋር አነጻጽሩት። ደርግ በድርቁ ጊዜ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው ለማስፈር አቅዶ ወደ 600,000 የሚጠጋውን ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ አጓጓዘ። ብዙዎቹ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ነበሩ፤ ከእኛ ጎረቤት ከከምባታና ከሐዲያም ፓዌ የወረደ አለ። ፓዌ ላይ የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ፈሰሰ፣ ትራክተር ገባ፣ ሆስፒታል ተሠራ። ከዕቃ አንጻር ከዋዱም የበለጠ ጋሪ ነበር። ግን ብዙው ሰው የመጣው ወዶ አልነበረም፤ ዘመዱም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ቀረ። መሬቱም ባዶ አልነበረም። ጉሙዝ እያፈራረቀ የሚያርስበት፣ የሚያድንበት፣ ማር የሚቆርጥበት አገር ነበር። ዛሬ ያላረሰው ማሳ ነገ የሚመለስበት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደመጣበት ተመለሰ።

ከዚህ ትምህርት የተወሰደ ይመስላል። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሰፈራ በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይዞ መጣ፤ በፈቃድ ይሁን፣ በክልሉ ውስጥ ይሁን፣ ሰፋሪውም የቀድሞ መሬቱን እስከ ሦስት ዓመት አያጣ። ይቺ ሦስተኛዋ ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። እኔ ግን የሰፈራ ታሪካችን ሁሉ እሷ ውስጥ ነው ያለው እላለሁ። ሰው አዲስ አገር ላይ በድፍረት የሚያርሰው መመለሻ እንዳለው ሲያውቅ ነው። መመለሻ የሌለው ሰው እየፈራ ያርሳል።

በጨዋታው የተመረጠው ቦታ ድንኮቹ እስኪመጡ ይጠብቃል። ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ ስለሚያይ ሁሉም ባዶ ቦታ ይመስለዋል። ሰፈራን ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚያቅድ ሰውም የሚያየው ከዚያው ከላይ ነው። መሬታችን ዛሬም እየጠበበ ነው፣ ልጆቻችንም እየወጡ ነው፤ የሰፈራ ሐሳብ ነገም መነሣቱ አይቀርም። ያኔ ስንት ትራክተር ይገባል ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። እዚያ ማን አለ? እስከ መጀመሪያው አዝመራ ምን ይበላል? ሰዉ ካልሆነለት በየት ይመለሳል?

አያቶቻችሁ በሌ፣ አበላ ወይም ፓዌ የወረዱ ካላችሁ እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ጠይቋቸውና የሚሏችሁን ጻፉ። እነሱ ሳይነግሩን ካለፉ የሚቀረን የዕቅዱ ወረቀት ብቻ ነው።