ባል ፍለጋ በሥዕል፦ የሁዳ ፋህሚ ማስታወሻ

«ዛት ካን ቢ አሬንጅድ»፤ በወረቀት ላይ የታተመ ባለሥዕል መጽሐፍ፤ አሜሪካ፣ 2020 እ.ኤ.አ.

ግብፃዊ አሜሪካዊቷ የካርቱን ሠዓሊ ሁዳ ፋህሚ፣ ሃይማኖቷን አክባሪ የሆነች ሙስሊም ሴት ባል ስትፈልግ የሚገጥሟትን የማይመጥኑ ጠያቂዎች፣ የአክስቶች ሐሜትና የማኅበረሰቡን ግፊት ከራሷ ሕይወት ተነሥታ፣ አንባቢን እያሳቀች ትተርካለች። ለትዳር የሚተዋወቁት ወንድና ሴት ብቻቸውን እንዳይሆኑ አብሯቸው የሚቀመጠው ሰው ከሳቁ ምንጮች አንዱ ቢሆንም፣ ቀልዱ ሥርዓቱን አያንኳስስም፤ ይልቁንም የሴቲቱ ምርጫና የቤተሰቧ ወግ ተቻችለው የሚሄዱበትን መንገድ ያሳያል፤ የመጽሐፉም ትልቁ ዋጋ ይህ ነው። የዚሁ የትዳር ሥርዓት አካል የሆኑት በምስክሮች ፊት የሚታሰረው የጋብቻ ውል፣ ኒካህ፣ እንዲሁም ባል ለሚስቱ የሚሰጣትና የግል ንብረቷ የሚሆነው ስጦታ፣ መህር፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ በሽንፋና በመተማ ለሚኖሩ ሙስሊሞችም የትዳር መሠረት ናቸው።