«ወተት በጉንጬ»፤ የወሎ ማሽላና የዘር ሊቃውንት

የሐይቅና የአምባሰል አራሽ ማሽላውን በየስሙ ለይቶ ያውቀዋል፤ ስሙም ብዙ ጊዜ ጠባዩን ይናገራል። በወሎ «ወተት በጉንጬ» የሚሉት ማሽላ አለ። ፍሬው የተጨማደደ፥ ምርቱም አነስተኛ ነው፤ ገበሬው ግን ከሌላው ጋር እየቀላቀለ ይዘራዋል፥ እሸቱንም ጠብሶ ይበላዋል።

በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሲንግና አክስቴል 9,000 ያህል የማሽላ ዓይነቶች መርምረው፥ ሰውነትን የሚገነባውና በማሽላ ውስጥ እጅግ የሚያንሰው ላይሲን የበዛባቸውን ሁለት ዘሮች አገኙ፤ ይህም ጠባይ በአንድ ጂን የሚወረስ መሆኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ገለጹ። ሁለቱም የወሎ ዘሮች ነበሩ። «ወተት» መባሉ እንዲያው ለማሞካሸት አልነበረም ማለት ነው!

ለሊቃውንቱ ምስጋና ይገባል፤ ያን ሁሉ ዘር መመርመር ቀላል ድካም አይደለምና። የአክስቴል ደቀ መዝሙር የነበሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር ገቢሳ እጀታም፥ ድርቅን የሚችልና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ምስጋና ለስም አውጪው ገበሬ እሰጣለሁ፤ ምርቱ እያነሰበት ዘሩን ያላጠፋ እርሱ ነውና። በዓለም የማሽላ ስብስብ መዝገብ ውስጥ ሁለቱ ዘሮች የተጻፉት 11167 እና 11758 በሚሉ ቁጥሮች ነው።