ፉርኖ
ከፒያሳ በአስኮ ታክሲ ተሳፍሮ የመጣ እንግዳ ሱቅ ደጃፍ ላይ «ፉርኖ አለ?» ሲባል ቢሰማ፣ የሚጠየቀው ዳቦ ነው። ቃሉ የጣሊያንኛው «ፎርኖ» ነው፤ እዚያ ግን ትርጉሙ መጋገሪያ ምድጃ ነው። ጣሊያኖች ዳቦ ቤቱንም በዚሁ ስም ይጠሩታል። እኛ ዘንድ ስሙ ከምድጃው ወደ ዳቦው ተሻገረ፤ አልፎም ዱቄቱ ላይ ደረሰ፤ «የፉርኖ ዱቄት» የምንለው ነጩን የስንዴ ዱቄት ነው። በኮባ ተጠቅልሎ የሚጋገረው ድፎ ግን ስሙን አላስነካም።

«ቦምቦሊኖ»ም ዘመዱ ነው። በጣሊያን የታወቀው ስሙ «ቦምቦሎኔ» ሲሆን «ኦኔ» ማተለቂያ፣ «ኢኖ» ማሳነሻ ቅጥያ ነው። በቶስካና ውስጡ ክሬም ይሞላል፤ የእኛው ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሙሌት ተጠብሶ ከሻይ ጋር ይቀርባል። ትኩሱን ለቀመሰ ሙሌቱ አያስፈልገውም።

ጣሊያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ይዛ ነበር። ቃላቱ የእሷ ቢሆኑም ዛሬ ያላቸውን ፍቺ የሰጣቸው ዱቄቱን ያቦካውና ዳቦውን የገዛው የአገሬው ሰው ነው። መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ «ፉርኖ»ን በዚህ ፍቺው መዝግቡልን።