የንድፍ ሞዴል ጤንነትና የቁጥር ምስክርነት

ማንኛውም ሕንፃ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ በመጀመሪያ በንድፍ፣ ቀጥሎም በድንጋይ፣ በብረትና በሲሚንቶ። የመጀመሪያው ሥራ ከታመመ ሁለተኛው ጤነኛ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ የንድፍ ሕመም እንደ ግድግዳ ስንጥቅ ለዓይን ግልጽ ሆኖ አይታይም። በአሁኑ ጊዜ የሕንፃ ንድፍ በኮምፒዩተር ሞዴል መልክ ስለሚዘጋጅ፣ የሞዴሉን ጤንነት በመረጃ ትንተና በየጊዜው የመመርመር አሠራር ተስፋፍቷል። ይህ አሠራር ከምን ዓይነት ችግር እንደ መነጨ ለመረዳት የአንድን ጣራ ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ የሃርትፎርድ ከተማ የስፖርት አዳራሽ ጣራ 91 ሜትር በ110 ሜትር ስፋት ያለው፣ በአራት ምሰሶዎች ላይ ያረፈ የብረት ዘንጎች መረብ ነበር። የዘንጎቹ ብዛት በእጅ ስሌት የሚዘለቅ ስላልነበረ ነዳፊዎቹ በኮምፒዩተር ተጠቀሙ። ጣራው በመሬት ላይ ተገጣጥሞ በ1973 ወደ ቦታው ከተነሣ በኋላ፣ ወደ ታች የረገበበት መጠን ሲለካ ኮምፒዩተሩ ከተነበየው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጉዳዩ ለንድፍ መሐንዲሶቹ ቢገለጽላቸውም፣ በስሌትና በተግባር መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት የሚጠበቅ ነው የሚል መልስ ሰጡ። ቀጥሎም የጣራውን ጠርዝ መሸፈኛዎች የሚገጥሙት ሠራተኞች መሸፈኛዎቹ ከቦታቸው አልገጥም ቢሏቸው፣ ተስተካክለው እንዲገቡ ተደረገ እንጂ ምክንያቱ አልተመረመረም። ጣራው ሁለት ጊዜ ምልክት ሰጠ፤ ሁለት ጊዜም ሰሚ አጣ።

ጥር 18 ቀን 1978 ከንጋቱ በፊት፣ ከባድ በረዶ ከጣለ በኋላ፣ 1,400 ቶን ያህል የሚመዝነው ጣራ ተደርምሶ ወደቀ። ከጥቂት ሰዓታት በፊት 5,000 ያህል ሰዎች ከሥሩ ተቀምጠው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ይመለከቱ ነበር። አዳራሹ ባዶ ስለ ነበረ ብቻ የሰው ሕይወት አልጠፋም። በተደረገው ምርመራ የጣራው የራሱ ክብደት ከ20 በመቶ በላይ ዝቅ ተደርጎ መገመቱ ታወቀ። ከዚህም በላይ፣ ግፊት የሚሸከሙት የላይኛው ረድፍ ዘንጎች በወገባቸው ላይ ድጋፍ እንዳላቸው ተቆጥሮ ሲሰላ፣ የተሠራው መጋጠሚያ ግን የተባለውን ድጋፍ በበቂ የሚሰጥ አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ የሒሳብ ስሕተት አልነበረም፤ የተሰላው ጣራና የተሠራው ጣራ የተለያዩ ነበሩ።

ከ13 ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ነገር በኖርዌይ ታየ። ነሐሴ 23 ቀን 1991 ስላይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ላይ የጋዝ ማውጫ የኮንክሪት መሠረት በስታቫንገር አቅራቢያ ሲፈተን ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። የስሌቱ ሞዴል ለመገናኛ ክፍሎቹ የተከፋፈለው እጅግ በትልልቅ ቁራጮች ስለ ነበረ፣ ቆራጩ ኃይል በ47 በመቶ ተቀንሶ ተገምቶ ነበር። በኋላ በረቀቀ ሞዴል ሲሰላ መሠረቱ በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር አመለከተ፤ በእርግጥ የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር። ሞዴሉ አስቀድሞ ቢመረመር ኖሮ እውነቱን ይናገር ነበር ማለት ነው።

በዚህ መካከል የንድፍ አዘገጃጀት ራሱ ተለወጠ። ቻርልስ ኢስትማን በ1975 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሕንፃው በተለያዩ ሥዕሎች ተበታትኖ ከሚቀመጥ ይልቅ በአንድ የኮምፒዩተር መዝገብ ተመዝግቦ ሥዕሎቹ ከዚያ እንዲወጡ ሐሳብ አቀረበ። ሬቪትን የመሰሉ ፕሮግራሞች ከ2000 ወዲህ ይህን ሐሳብ ወደ የዕለት ሥራ አደረሱት። ጥቅሙ ከፍተኛ ቢሆንም አንድ ሞዴል ብዙ እጅ የሚነካው ሆነ፤ የአንዱ ስሕተትም በቀላሉ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ሆነ።

የሞዴል ምርመራ የተጀመረው ከዚህ የተነሣ ነው። ፕሮግራሙ የሚያወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች ብዛት፣ የፋይሉ ክብደት፣ በአንድ ቦታ ላይ የተደራረቡ ግድግዳዎች፣ ወሰናቸው ያልተዘጋ ክፍሎች፣ ከውጭ ገብተው የተረሱ ሥዕሎች በየሳምንቱ ተቆጥረው በሠንጠረዥ ይቀመጣሉ። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚያስተምረው የቁጥሩ አካሄድ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንገት ቢበዙ፣ ማን ምን እንደ ለወጠ ትዝታው ሳይጠፋ ለመጠየቅ ይቻላል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ በሞዴል ውስጥ በደቂቃዎች የሚታረም ስሕተት በግንባታው ቦታ ላይ ከተገኘ ማፍረስን ይጠይቃል።

ሆኖም የዚህ ምርመራ ወሰን መታወቅ አለበት። አንድ ሞዴል አንዲት ማስጠንቀቂያ ሳይኖርበት የተሳሳተ ሊሆን ይችላል፤ የሃርትፎርድ ሞዴልም በራሱ ሒሳብ ውስጥ የተስማማ ነበር። ሕመሙን የገለጠው ከውጭ የመጣ ልኬት ነው። ልኬቱም ተወስዶ ነበር፣ ቁጥሩም ታውቆ ነበር፤ የጎደለው «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ሥራውን ለማስቆም ሥልጣንና ድፍረት ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ጤንነትን የሚቆጥር መሣሪያ ያስገባ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ቁጥሩ ሲከፋ ሥራውን የሚያቆመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በስም መወሰን ይገባዋል።