ድምፅ ማጉያ፦ አንድ ስም፣ ሁለት ዕቃ

በሰርግ ድንኳን ጥግ የቆመውን ትልቅ ሳጥን ድምፅ ማጉያ እንለዋለን። ከሳጥኑ ጋር በገመድ የተያያዘውንና ማስተካከያ ቁልፎች የተደረደሩበትን ዕቃም ድምፅ ማጉያ እንለዋለን። አንዳንዴ ማይክሮፎኑ ራሱ በዚሁ ስም ይጠራል። ይህ ለሰርጉ ምንም አያጎድልበትም፤ ሁሉም ተባብሮ ድምፁን እስካሰማ ድረስ ስሙ ለሁሉም ይበቃል። ከቤተሰብ የቆየ፣ ሬዲዮውንና ሸክላ ማጫወቻውን በአንድ ሳጥን የያዘ የድሮ ስቴሪዮ አውጥቶ ስፒከር የሚፈልግለት ሰው ግን በዚህ ስም ምክንያት ገንዘቡን ያለቦታው ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ከገበያው በፊት ቃሉን መመርመር ይበጃል።

ማጉያ የወጣው "ጎላ" ከሚለው ግሥ ነው። ጎላ ማለት ከሌላው በልጦ ታየ ወይም ተሰማ ማለት ሲሆን፣ አጎላ ደግሞ እንዲጎላ አደረገ ማለት ነው። ለመሣሪያው ስም ሲወጣለት ማጉሊያ ይሆን ነበር፤ አማርኛ ግን በእንዲህ ያለ ቦታ "ል"ን ወደ "ይ" ይለውጣል። ከአበሰለ ማብሰያ፣ ከነቀለ መንቀያ፣ ከአዘለ ማዘያ እንደሚወጣ ሁሉ ከአጎላም ማጉያ ወጣ። ድምፅ የሚለው ቃል ከግእዝ የወረስነው ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ትርጉሙ ግልጽ ይሆናል፦ ትንሹን ድምፅ ትልቅ የሚያደርግ መሣሪያ።

ይህ ትርጉም ልክክ ብሎ የሚገጥመው ለአምፕሊፋየር ነው። አምፕሊፋየር ከላቲን የመጣ ነው፤ አምፕሉስ ሰፊ፣ ፋኬሬ ደግሞ ማድረግ ማለት ነው። የሸክላው መርፌ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ነው። አምፕሊፋየሩ ከግድግዳው ሶኬት የሚያገኘውን ኃይል ተጠቅሞ ያንን ደካማ መልእክት ያጎላዋል። ማጉላት የተባለው ሥራ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው።

ስፒከር ሌላ ሥራ ነው ያለው። በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል፣ ከጥቅሉ ጋር የተጣበቀ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሾጣጣ፣ እነዚህን የሚይዝ ሳጥን፤ በቃ። ዛሬ በየቤቱ ያለው ዓይነት መሠረቱን ያገኘው ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጡት ጥናት ነው። ስፒከሩ የመጣለትን ኤሌክትሪክ ወደ አየር እንቅስቃሴ ይለውጣል እንጂ አያጎላም። እንዲያውም አብዛኛውን ኃይል በሙቀት መልክ ያባክነዋል፤ ድምፅ ሆኖ የሚወጣው በተለመደው የቤት ስፒከር 1 በመቶ አካባቢ ነው።

አውሮፓውያን ይህን ዕቃ የሰየሙት በመናገር ነው። የእንግሊዝኛው ላውድስፒከር፣ የጀርመኑ ላውትሽፕሬኸር፣ የፈረንሳዩ ኦ ፓርለር፣ የጣሊያኑ አልቶፓርላንቴ፣ ሁሉም ጮክ ብሎ ተናጋሪ ማለት ናቸው። እኛ ከእንግሊዝኛው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ወስደን ስፒከር አልን። ለአደባባዩ ትልቅ ስፒከር ደግሞ ሞንታርቦ የሚል ስም አለን፤ ሞንታርቦ የጣሊያን የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም ነበር፣ አምራቹ ተረስቶ ስሙ ለዕቃው ቀረ።

አማርኛ በቤት ሙዚቃ ዕቃዎች ላይ ስምን ማስፋት ይወዳል። ቴፕ በእንግሊዝኛ ጠፍጣፋ ጥብጣብ ማለት ነው። እኛ ቴፕ ስንል ማጫወቻውን፣ ሬዲዮውንና ስፒከሩን ጨምሮ ጠቅላላውን ዕቃ ማለታችን ነው፤ ጥብጣቡን ራሱን "ክር" ብለን በራሳችን ቃል ሰየምነው። ሸክላም እንዲሁ የተቃጠለ አፈር ስም ሆኖ ሳለ፣ እንደ ገንቦ ወድቆ የሚሰበረውን ጥቁር የዘፈን ዲስክ ስም ሆነ። ቃሉ ከዲስኩ እጅግ ይቀድማል። ዲስኩ ከማይሰበር ፕላስቲክ መሠራት ከጀመረ በኋላም ስሙ አልለቀቀውም፤ አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምሃ ሬኮርድስ ያሳተማቸውን ዲስኮች እስከ ዛሬ ሸክላ እንላቸዋለን።

ስምን ማስፋት ዕቃው አንድ ወጥ ሆኖ ሲቀር አይጎዳም። እ.ኤ.አ. በ1956 የጀርመኑ ብራውን ኩባንያ ኤስ ኬ 4 የተባለ ማጫወቻ አወጣ። የሠሩት ዲዛይነሮች ሃንስ ጉገሎትና ዲተር ራምስ ነበሩ። ነጭ ብረት፣ የእንጨት ጎኖችና ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ክዳን ስለነበረው ጀርመኖች በተረታቸው ልዕልት ስም "የስኖው ዋይት የሬሳ ሣጥን" አሉት። ስፒከሩ እዚያው ሆዱ ውስጥ ነበር፤ ገዢው የሚመርጠው ነገር አልነበረም። ብራውን እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው አውዲዮ 1 ግን ሬዲዮውን፣ ሸክላ ማጫወቻውንና በትራንዚስተር የሚሠራውን አምፕሊፋየር አንድ ላይ ይዞ ስፒከሮቹን ወደ ውጭ አወጣቸው። አውዲዮ በላቲን "እሰማለሁ" ማለት ነው። እንዲህ ባለ ዕቃ ዘመን ማጉያውና ስፒከሩ ተለያዩ፣ ምርጫም መጣ። ከምርጫው ጋር አብረው የመጡ ሦስት ቃላት አሉ፦ ዋት፣ ኦምና ዴሲቤል።

ዋት ከስኮትላንዳዊው የእንፋሎት ሞተር መሐንዲስ ከጄምስ ዋት ስም የተወሰደ የኃይል መለኪያ ነው። በስፒከር ጀርባ "100 ዋት" ተብሎ ሲጻፍ ስፒከሩ ምን ያህል ኃይል ሳይቃጠል መሸከም እንደሚችል ይነግረናል። ስፒከርን ማጉያ ብሎ የለመደ ሰው ግን 100 ዋቱ ከስፒከሩ የሚወጣ ይመስለዋል። የድሮው ስቴሪዮ 10 ዋት የሚያወጣ ከሆነ፣ ባለ 100 ዋት ስፒከር ቢገጠምለትም የሚደርሰው ያው 10 ዋት ነው።

ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ሕጉን ካሳተመው ከጀርመናዊው ፊዚክስ ሊቅ ከጌኦርግ ኦም የመጣ ነው። የሚለካውም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየውን እንቅፋት፣ ኢምፒዳንስን ነው። ይህን ቃል እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ሲሆን፣ ሥሩ በላቲን እግር ማሰር ማለት ነው፤ እግረ ሙቅ ማግባት እንደምንለው። ሥሩን የያዘ ሰው ሕጉንም ይይዛል። የኦሙ ቁጥር ሲያንስ እስሩ ይላላል፣ ኤሌክትሪኩም በብዛት ይፈሳል። ከጀርባው "8 ኦም" የተጻፈበት የትራንዚስተር ስቴሪዮ ላይ 4 ኦም ስፒከር ቢሰካበት፣ ከታሰበለት በላይ እንዲሰጥ ስለሚገደድ ድምፁ ከፍ ሲል ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮችን ጎን ለጎን በአንድ መውጫ ላይ ማያያዝም 4 ኦም ማድረግ ነው። የስፒከሩ የኦም ቁጥር ከተጻፈው ከፍ ማለቱ ለትራንዚስተሩ አደጋ የለውም፤ የሚወጣው ኃይል ብቻ ይቀንሳል። በትራንዚስተር ፈንታ በቫልቭ የሚሠራ የቆየ ዕቃ ግን የተጻፈለትን ቁጥር ራሱን ይፈልጋል፤ ስፒከር ሳይሰካለት ማጫወትም አይገባም።

ሦስተኛው ቃል ዴሲቤል ነው። ዴሲ ከላቲኑ "አሥረኛ" የወጣ ሲሆን፣ ቤል የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም ነው። በስፒከር ላይ የሚጻፈው የዴሲቤል ቁጥር 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል እንደሚሰማ ይናገራል። በዚህ መለኪያ 3 ዴሲቤል መጨመር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ነው። 84 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር 90 ዴሲቤል ከሆነው ጋር እኩል እንዲሰማ አራት እጥፍ ኃይል ይሻል። ባለ 10 ዋቱ የድሮ ስቴሪዮ በ90ው የሚያሰማውን በ84ቱ ለማሰማት 40 ዋት ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ለደካማ አምፕሊፋየር ከዋቱ ይልቅ ዴሲቤሉ ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል። የዛሬዎቹ ትንንሽ ስፒከሮች ከጠባብ ሳጥን ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ሲሉ ዴሲቤላቸውን ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ፤ እነሱ የተሠሩት ኃይለኛ አምፕሊፋየር ላለው ቤት ነው።

ወፍራም ድምፅ ካልን ዘንድ ስለ ውፈር እንናገር። የስፒከሩ ትልቁ ሾጣጣ ውፈር፣ ትንሹ ትዊተር ይባላል። ውፈር "ወፈረ" ከሚለው ግሥ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል፤ ሥራውም ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት ነው። ዝምድና ግን የላቸውም። ውፈር በእንግሊዝኛ የውሻ ጩኸት፣ ትዊተር ደግሞ የትንሽ ወፍ ጩኸት ተመስሎ የወጣ ነው። እንዲህ ያለ መመሳሰል ሥርወ ቃል ፈላጊውን ሁልጊዜ ይፈትነዋል።

ስቴሪዮ የሚለው ስም ራሱ ከግሪኩ ስቴሬዎስ የመጣ ነው፤ ጽኑ፣ ጠጣር፣ ሙሉ አካል ያለው ማለት ነው። በግሪኩ ኦሪት ዘፍጥረት እኛ ጠፈር የምንለውን ስቴሬዎማ የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው። በድምፅ በኩል ስሙ የገባው ከሁለት ቦታ የሚመጣው ድምፅ ስፋትና ጥልቀት ኖሮት እንደ አካል ስለሚቆም ነው። ያ አካል የሚቆመው ግን ሁለቱ ስፒከሮች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ ሱቅ አምጥቶ ማጋጠም ስቴሪዮን ስሙን ያሳጣዋል።

በእኔ እምነት አማርኛ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች በስም መለየት ይገባዋል። ማጉያ የሚያጎላው የአምፕሊፋየሩ ስም ሆኖ ይጽና፤ ስፒከር ደግሞ ሕዝቡ ለምዶታልና ለተናጋሪው ሳጥን ይቅር። እንዲህ ሲለዩ ገዢው መጀመሪያ የማጉያውን ጀርባ አዙሮ ኦሙንና ዋቱን ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ለዚያ ማጉያ የሚስማሙ፣ ዴሲቤላቸው ከፍ ያለ መንታ ስፒከሮችን ይፈልጋል።