ያነሰው የሚረታበት ካርታ

ከካርታ ጨዋታዎች መካከል እንደ ሎውቦል ዳኝነቱ የተገለበጠ ጥቂት ነው። ወገኑ ከፖከር ነው፤ ነገር ግን ፖከር ያከበረውን ያዋርዳል፣ ያዋረደውን ያከብራል። ንጉሥና ንግሥት የደረሱት፣ ወይም ተመሳሳይ ቁጥሮችን በጥንድ የያዘ ሰው በዚህ ገበታ ላይ ምስኪን ነው። ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን ሁለትና ሦስት፣ አራትና አምስት የሰበሰበው ግን የተመደበውን ገንዘብ ጠቅልሎ ይወስዳል።

የዚህ ጨዋታ ዕድገት ከካሊፎርንያ ሕግ ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 የግዛቲቱ ሕግ ከሚከለክላቸው ቁማሮች መካከል «ስተድ ሆርስ ፖከር» የሚባለውን በስም ጠቀሰ። ተጫዋቹ አምስት ካርታውን ሸሽጎ ይዞ፣ ያልወደደውን ጥሎ ሌላ የሚቀበልበት «ድሮው» ግን በስም አልተጠቀሰም፤ ስለዚህ ለየከተማው ውሳኔ ተተወ። ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ የምትገኘው ጋርዲና እ.ኤ.አ. በ1936 የካርታ ክበቦችን ፈቀደች፤ ሎውቦልም የድሮው ዘመድ ነበርና በነዚህ ክበቦች ለአሥርት ዓመታት ደራ። ክበቦቹ ከገበታው ገንዘብ አይካፈሉም ነበር፤ በየግማሽ ሰዓቱ የመቀመጫ ኪራይ ይሰበስቡ ነበር እንጂ። ካርታውን የሚያድሉትም ተጫዋቾቹ ራሳቸው በየተራ ነበሩ። ነገሩ ንጹሕ ይመስላል። ሆኖም እኩል ችሎታ ያላቸው ሰዎች በአንድ ገበታ ከዋሉ ሁሉም ለሰዓቱ ተሸንፈው ይነሣሉ፤ ስለዚህ እዚያ ለመኖር ከጎረቤት መብለጥ ግድ ነበር።

መብለጥ የሚቻለው እንዴት ነው? በካሊፎርንያው ሥርዓት አስ የሁሉም ታናሽ ናት፤ ከአስ እስከ አምስት የተደረደረው እጅ ደግሞ የሁሉም አሸናፊ ነው፤ «ቢስክሌት» ይሉታል። ሁለት እጆች ሲወዳደሩ ዳኝነቱ ከትልቁ ካርታ ይጀምራል። ሁለቱም ስምንት ካለባቸው ቀጥሎ ያለው ይታያልና ስምንትና አራት ስምንትና ሰባትን ይረታል።

ጀማሪን የሚጥለው ተስፋ ነው። አስ፣ ሁለት፣ ሦስትና አራት ይዞ አንዲት የማትረባ ትልቅ ካርታ ቢጥል፣ ጆከር ከሌለ፣ ካላያቸው 47 ካርታዎች 16ቱ ስምንት ወይም ከዚያ ያነሰ እጅ ይሠሩለታል፤ ከመቶ 34 ያህል መሆኑ ነው። አስ፣ ሁለትና ሦስትን ብቻ ይዞ ሁለት ቢቀይር ግን ዕድሉ ከመቶ ወደ 15 ይወርዳል። የጎደለችው አንዲት ተጨማሪ ካርታ ናት፤ ተስፋው ግን ከግማሽ በታች ሆነ። ሁለት ካርታ የሚፈልግ እጅ ይዞ ገና ከመነሻው ገንዘብ የሚመድብ ሰው ለሌሎች ቀለብ ይሆናል። ጨዋታውን በትዕግሥት የሚማር ሰው አብዛኛውን እጅ ሳይጫወት ይጥላል፤ ይህን የመሰለ ስልቹ ሥራ ብዙ ሰው አይችለውም።

የመቀመጫም ነገር አለ። ከአዳዩ ቀጥሎ የተቀመጠው አስቀድሞ ይቀይራል፣ ከቅያሪው በኋላም አስቀድሞ ይናገራል። የመጨረሻው ሰው ግን ባላንጣዎቹ ስንት ስንት እንደጣሉ አይቶ ይወስናል። ከሌላው እጅ በዓይን የሚታየው ይኸው ቁጥር ብቻ ነውና ትርፉ ቀላል አይደለም።

ከዚህም የተነሣ አለመቀየር ራሱ ንግግር ሆነ። ሦስት ባለሁለት ካርታዎች የያዘ ሰው እጁ የተበላሸ ነው፤ ነገር ግን ሌሎቹ የሚመኙት ካርታ በእርሱ ዘንድ እንደታሰረ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። እናም አንዲትም ሳይቀይር ይቀመጣል፤ በድፍረት ይመድባል፤ ዘጠኝ የሠራው ባላንጣ ፈርቶ ይጥልለታል። ተጫዋቾች ይህን ማታለል «ስኖው» ይሉታል፤ በረዶ ማለት ነው።

በላስ ቬጋስ የገነነው ሎውቦል ጥቂት ይለያል። በዚያ አስ ትልቅ ናት፤ በተከታታይ የተደረደሩ ቁጥሮችም ያስጠይቃሉ፤ ምርጡ እጅ ምልክታቸው አንድ ዓይነት ያልሆኑ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስትና ሰባት ናቸው። የጆርጂያ ግዛት ተወላጅ ቢሊ ባክስተር የዚህ ጥበብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 2002 ድረስ በዓለም የፖከር ሻምፒዮና ሰባት ጊዜ አሸንፏል፤ ሰባቱም ያነሰው በሚረታባቸው ጨዋታዎች ነው።

የባክስተር ስም በሕግ መጻሕፍት የገባው ግን በሌላ ምክንያት ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1981 በፖከር ያገኘውን ገቢ ሠርቶ እንዳገኘው አልቆጠረለትም፤ ትርፉን የወለደው የተመደበው ገንዘብ ነው ሲል ተከራከረ። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አልነበረም። ለድካም ዋጋ የሚከፈለው ከፍተኛ ግብር ከመቶ 50 ሲሆን፣ ለሌላው እስከ 70 ይደርስ ነበር። ባክስተር ከፍሎ ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1986 የኔቫዳ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያ ገንዘብ ያለ ሰውየው ችሎታ ምንም ባላፈራ ነበር ብሎ ፈረደለት።

ፍርዱ በተሰጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የካሊፎርንያ ፍርድ ቤቶች «ሆልደም» የሚባለው ፖከር በ1885ቱ ሕግ የተከለከለው ጨዋታ አይደለም አሉ። የክበቦቹም ሰው ከሎውቦል ገበታ እየተነሣ ወደ አዲሱ ጨዋታ ሄደ።